ካድሬው የተማረው ሰላምታ

ሰሞኑን አማን ከተማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ያሰረ ባጃጅ በመንገዱ አለፈ። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችሁም…» ሲል ሰማሁት፤ የቀረውን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። የክትባት ጥሪ ይሁን የስብሰባ አልለየሁም። ብቻ ልብ ስል ግራ እጄ ከራሴ በላይ ተነስታለች፤ ጣቶቼም ተጨብጠዋል። እኔ አላነሳኋትም። ብቻዋን ነው የተነሳችው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ከአጥሩ ማዶ አይታኝ፣ «ምነው መምህርት፣ ባጃጅ ልታስቆሚ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ግን ምስሩን ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ያቺን እጅ እንዲህ ያስለመዳት ዘመን መጣብኝ።

ያኔ ሚዛንና አማን ገና አልተጋጠሙም። ዛሬ ባጃጅ በደቂቃዎች የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ በጫካና በጭቃ እናቋርጠው ነበር። የከተማዋ ሙሉ ስም ሚዛን ተፈሪ ነው፤ ካድሬዎቹ ግን የንጉሡን ስም ላለመጥራት «ሚዛን» ብቻ ይሏታል፤ እኛም ቀስ በቀስ ለመድነው። ዋናው መንገድ ከገበያው ይነሳና በአረቡ ሱቅ በኩል አድርጎ ወደ አየር ማረፊያው የሣር ሜዳ ይወርዳል። አረቡ መስኮቱ ላይ የሚሰቅለውን ቴትረን ሱሪ ወጣቱ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፤ ታቹ የሰፋ፣ ሲራመዱበት መንገድ የሚጠርግ። የኮንጎ ጫማ ሦስት ብር ነው። ሻይ ከትኩስ ፓስቲ ጋር ሃያ ሳንቲም ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ የጠፋ ጊዜ ሻዩ በማር ይመጣል፤ በእኛ አገር ማር ከስኳር በቀላሉ ይገኝ ነበርና። ሻይ ቤቱ ውስጥ በዳንቴል የተሸፈነ ትልቅ ራዲዮ ነበር። ከማርሹና ከመግለጫው መሀል አንዳንዴ አንዲት የፍቅር ዘፈን አምልጣ ትመጣለች፤ ያኔ ሁላችንም ብርጭቆአችንን በአየር ላይ እንደያዝን እናዳምጣለን። ዜማዋ አሁንም አፌ ላይ አለ፤ የዘፋኟ ስም ግን ጠፍቶብኛል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ቀይ እሸት በየደጁ ይሰጣል፤ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ፣ ግማሹ ጣፋጭ ግማሹ እንደ ጠላ ጋን የሆነው፣ እንግዳ ሰው ራሱን ያዞረዋል። እኛ እሱን ካልሸተተን ዓመቱ የዞረ አይመስለንም። ጠዋት ጠዋት ጉም ከጫካው ይወጣና ቤቶቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። እስኪገለጥ ድረስ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው የምናውቀው በሳሉ ወይም በሰላምታው ነበር።

አባቴ ከሰሜን የመጣ የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ እናቴ የቤንች ልጅ ናት። ስለዚህ በአማርኛ ተምሬ በቤንችኛ ተጫውቼ አደግሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ድምፄ ትልቅ ነበር። መጀመሪያ ያወቁልኝ በእናቴ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋና የቀበሌ መጋዘን ሆነ፤ አግዳሚዎቹ ለስብሰባ አዳራሽ ተወሰዱ፤ እኔም እንደ አግዳሚዎቹ ተወሰድኩ። የከተማው ካድሬ ጓድ ታምሩ አንድ ቀን በክፍሌ መስኮት ሲያልፍ ልጆቹን ፊደል ሳስቆጥር ሰማኝና፣ «ይህ ድምፅ ለሁለተኛ ክፍል ብቻ መቅረት የለበትም» አለ። በሳምንቱ ሜጋፎን ተሰጠኝ። መፈክር አሰሚ ሆንኩ። አስተርጓሚም ጭምር፤ ጓድ ታምሩ ከመሀል አገር የመጣ ስለሆነ ከቤንችኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር።

ጓድ ታምሩን ጭራቅ አድርጌ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ለሽማግሌ ከወንበሩ ይነሳል። የሚዛን እርጥበት ደረቱን ጎድቶት ሲያወራ ያስለዋል። ሰው እንዲወደው አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸው ፍላጎቱ ነው።

ሰልፉ እሁድ ጠዋት ነው። አብዮት ጥበቃዎች በየቤቱ እየዞሩ በር ይመታሉ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል። ሕዝቡ በየቀበሌው ተደርድሮ በአየር ማረፊያው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሣር የሚግጡት ላሞች ወደ ዳር ይነዳሉ። እኔ በነዳጅ በርሜሎች ላይ በተነጠፈ ጣውላ ላይ ቆሜ «ይውደም!» ስል፣ ያ ሁሉ ሰው ግራ እጁን አንስቶ «ይውደም!» ይላል። ጉም በወረደበት ቀን የሚታዩኝ ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ነጭ ነው፤ መልሱ የሚመጣው ከነጩ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ከዚያ ማዶ የቆመው በእውነት ሰው መሆኑን እጠራጠር ነበር። ምን እንዲወድም እንደምንጮህም ብዙዎቻችን አናውቅም። ጩኹ የተባልነውን እንጮኻለን፤ ከዚያ ቤታችን ገብተን ጎደሬያችንን ቀቅለን እንበላለን።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሸማቾች ሱቅ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረበት። «ቡናችንን በተስማማን ዋጋ የማንሸጠው ለምንድን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰውስ ለምን ይታሰራል?» እኔም አንብቤዋለሁ፤ ጽሑፉ የተማሪ ነው፣ የሚያምር። አንድ ሰዓት ሳይቆይ ተቀደደ። ረቡዕ ዕለት ሰባት ሰዎች ተያዙ፤ አምስቱ ተማሪዎች፣ ሁለቱ አስተማሪዎች። ዓርብ ዕለት ቡና ልትጭን በመጣችው ዳኮታ አውሮፕላን ላይ በጆንያዎቹ መሀል አስቀምጠው ወሰዷቸው። ወደ ጅማ ነው፣ ለጥያቄ ነው፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ ተባለ። አውሮፕላኗ ተነስታ ጉሙ ውስጥ ገባች፤ ድምፅዋ ግን ከታየችበት ቦታ ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ የቀረ መሰለኝ። ሳምንቱ አለፈ። ሌላም አለፈ። የተመለሰ አልነበረም፤ የት እንዳሉ የሚናገርም አልተገኘም።

ከሰባቱ አንዱ ኤልያስ ይባላል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ገበያ ላይ ኮረሪማና ጎደሬ የምትሸጥ አጭር ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃውን ያህል ነው። አንድ እሁድ ጓድ ታምሩ ንግግሩን ጨርሶ እንደ ልማዱ፣ «ጥያቄ ያለው ጓድ አለ?» አለ። ይህ ለወጉ የሚባል ነገር ነበር፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም። የኤልያስ እናት ከሁለተኛው ረድፍ ወጥታ መድረኩ ሥር ቆመችና በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገረች። ቃሏ አጭር ናት፤ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። «የት ነው?» ነው ያለችው። ሌላ አልጨመረችም። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም።

«ምን አለች?» አለኝ ጓድ ታምሩ።

ሜጋፎኑ እጄ ላይ ነበር። «ለአብዮቱ ያላትን ድጋፍ ትገልጻለች» አልኩ።

ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ ተሰማኝ። ጓድ ታምሩ አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከትሎት አጨበጨበ። የኤልያስ እናት ቀና ብላ አየችኝና ወደ ረድፏ ተመለሰች። ያን ጊዜ ሕይወቷን ያተረፍኩላት መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያተረፍኩት የማንን ሕይወት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

በሚቀጥለው እሁድም መጣች። ያንኑ አለች፤ እኔም ያንኑ ተረጎምኩ። በሦስተኛውም እሁድ እንዲሁ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተጀመረው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከምንጭ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት በጉሙ ውስጥ ስታልፈኝ፣ እንደምን አደርሽ በማለት ፋንታ ያቺን ቃል በቤንችኛ አለችኝ። «የት ነው?» መልስ አልጠበቀችም፤ እንስራዋን እንዳዘለች አለፈች። ገበያ ስደርስ ሙዝ ሻጯ ለማር ሻጯ ስትላት ሰማሁ፤ ማር ሻጯም ያንኑ መለሰችላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሸኮውና የከፋው ተወላጅ፣ ከሰሜን የመጡት የአባቴ ወገኖች ሳይቀሩ፣ ቤንችኛ የማያውቁት ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ለመዷት። በሹክሹክታ አይሏትም። እጅ እየተጨባበጡ፣ የልጅና የከብት ደህንነት እንደሚጠይቁ ሆነው፣ ረጋ ብለው ነው የሚሏት። ጉም በሆነ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሰዎቹን አላያቸውም፤ ያቺ ጥያቄ ግን ከአጥር ወደ አጥር፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየተቀባበለች በግራ በቀኜ ትሄዳለች። አንዳንዱ ድምፅ ሰው ይኖርበታል ብዬ ከማላስበው አቅጣጫ ይመጣል። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ ያቺኑ ቃል አሉኝ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ቀኑን መጻፍ ጀመርኩ።

አባቴ ራት ላይ፣ «ይህች ቃል ሰው ታስጨርሳለች» አለ። እናቴ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። በማግስቱ ጎረቤቷ ስትመጣ ግን በሩን ከፍታ ያቺኑ ስትላት ሰማኋት።

ጓድ ታምሩ ነገር የማያመልጠው ጆሮ ነበረው። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝ።

«ጓድ አስቴር፣ ሕዝቡ ሲገናኝ የሚባባላት ቃል አለች» አለና በተሰባበረ አፍ ተናገራት። «ምን ማለት ናት?»

«ሰላምታ ናት» አልኩት።

«ምን የሚል ሰላምታ?»

«ደህና ዋላችሁ እንደማለት ነው። የዱሮ ሰላምታ ነበር፤ አሁን ተመልሶ መጣ።»

ፊቱ በራ። «እኔ ዘወትር የምለው ይህንን አይደል እንዴ! የብሔረሰቦች ባህል ሲያብብ ማለት ይኸው ነው! በይ፣ አነጋገሯን በትክክል አስተምሪኝ።»

አስተማርኩት። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ እየደጋገመ አጠናት። ሲሳሳት አረምኩት። ለምን አስተማርሽው ብትሉኝ ፈርቼ ነው። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ያቺን ጥያቄ እሱም በገዛ አፉ ይጠይቃት የሚል። ያኔ ለራሴ እንኳ አላመንኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓድ ታምሩ ጥበቃዎቹን አስከትሎ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ያገኘውን ሁሉ በዚያች ቃል ሰላም ይል ጀመር። ባርኔጣውን ከፍ ያደርግና፣ ፈገግ ይልና፣ በጥሩ ቤንችኛ «የት ነው?» ይላል። ሰዎቹ ባሉበት ይደርቃሉ። አንዳንዶቹ ሊያስይዘው የፈለገውን ሰው የሚጠይቃቸው መስሏቸው አፋቸው ላይ ድንገት የመጣውን ስም ይሉታል። ልጁ ከሰባቱ ጋር የተወሰደበት አንድ አናጢ ነበር። ጓድ ታምሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለው መጋዙን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ አየውና በቤንችኛ፣ «የምታውቀው አንተ ነህ» አለው።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ነው ያሉት» አልኩ።

ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ለቅስቀሳ ወደ ቴፒ ይዞኝ ሄደ። ላንድሮቨሩ ግማሽ ቀን ጭቃ ውስጥ ሲንደፋደፍ ውሎ የመንግሥት ቡና እርሻው ደረስን። በትልልቆቹ የጥላ ዛፎች ሥር በቀትርም ጨለምለም ይላል፤ ፀሐይ የምትወርደው በነጠብጣብ ነው። ለቃሚዎቹ በቅጠሉ ተሸፍነው አይታዩም፤ እሸቱ ቅርጫት ውስጥ ሲወድቅ ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ጓድ ታምሩ በቡናው መደዳ መሀል ቆመና ጮክ ብሎ ሰላምታውን አሰማ። ጠብ ጠቡ በአንዴ ቆመ። እስከ እርሻው ዳር ድረስ ቆመ። ከዚያ ከቅጠሉ ውስጥ አንዲት ሴት ያንኑ መለሰች፤ ራቅ ብሎ ሌላዋ፤ ከእሷም ወዲያ ሌላ፤ ጆሮ እስከማይደርስበት ድረስ እየራቀ ሄደ። ቃሏ ቀድማን ቴፒ ገብታ ነበር። ጓድ ታምሩ በደስታ እጁን በእጁ መታ። «አየሽ? እዚህም ይሉታል!» ሹፌራችን የዚያው የቴፒ ሰው ነው፤ ወደ መኪናው ተመልሶ ገባና መስኮቱን ዘጋ።

ከዚያ ከጅማ አንድ ትልቅ ኃላፊ የሚመጣበት እሁድ ደረሰ። ጓድ ታምሩ ሰውየውን በሕዝቡ ቋንቋ ሊያስደምመው አስቧል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ሰነበተ። ያን ጠዋት ጉሙ ከወትሮው የወፈረ ነበር። እንግዳው መድረኩ ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ። ጓድ ታምሩ ሜጋፎኑን ከእጄ ተቀበለና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያቺን ቃል አለ። ሜጋፎኑ አጉልቶ ሜዳውን አሻገራት። «የት ነው?»

ከሜዳው ዳር አንዲት ላም ስትተነፍስ ተሰማኝ። ከዚያ የኤልያስ እናት ከረድፏ ወጥታ እንደ ሌላው እሁድ መድረኩ ሥር ቆመች። ይህን ጊዜ የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ በዚያ በገበያ አማርኛዋ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ» አለችው። «ልጄ ኤልያስ። በአውሮፕላን ወሰድከው። የት ነው?»

ጓድ ታምሩ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?» አለኝ።

በአማርኛ እንደተናገረች ያላስተዋለ መሰለ። ዓይኑን አየሁት። ሰምቷል፤ ያልሰማ ከመሰለ የሚድን መስሎት ነው። ሜጋፎኑን ከእጁ ወሰድኩ፤ አልከለከለኝም።

«‹የት ነው?› ነው ያለችው» አልኩ። «ቃሏ ሰላምታ አይደለችም። ከመጀመሪያውም አልነበረችም። በእነዚያ እሁዶች የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አፌ ግን አልቆመም። «ኤልያስ!» አልኩ፣ መፈክር በማሰማበት ድምፅ። ሕዝቡ ደግሞ ለዚያ ድምፅ መልስ መስጠት ለምዷል። ከጉሙ ውስጥ የሺህ ሰው ድምፅ በአንዴ «የት ነው?» ብሎ መጣ። ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ግራ እጃቸው ተነስቷል። የአናጢውን ልጅ ስም ጠራሁ። «የት ነው?» የሁለቱን አስተማሪዎች ስም ጠራሁ፤ የቀሩትን ተማሪዎች ጠራሁ። ሰባት ጊዜ ጠራሁ፤ ሰባት ጊዜ ከነጩ ውስጥ መለሱልኝ። ከሰባተኛው በኋላ ሜጋፎኑን አወረድኩት። ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ የአንዱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። የጅማው እንግዳ ሰዓቱን አየ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሕዝቡ እንደተደረደረ፣ ቀበሌ በቀበሌ፣ ማንም ሂዱ ሳይለው ወደ ከተማው ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እኔን፣ የኤልያስን እናትና አናጢውን ያዙን። ሁለታችንን ሴቶች ያሰሩን በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ነው። እዘምርበት የነበረው ቦታ ላይ የቡና ጆንያ ተቆልሏል። ዱላ አልቀረልንም፤ ስለ እሱ ግን ዛሬ መናገር አልፈልግም። በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት።

«በመጀመሪያው እሁድ ጠላሁሽ» አለችኝ። «በሁለተኛው አዘንኩልሽ። በሦስተኛው ግን ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ እየሰማ መሆኑ ገባኝ፤ የእኔንም፣ የአንቺንም። ውሸትሽ ባይኖር ኖሮ የእኔን ቃል ይህን ያህል ልብ የሚል አልነበረም።» ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ሌሊት ሲበርደኝ ግን የራሷን ጋቢ ከእኔ ጋር ተካፍላዋለች።

አምስት ወር ያህል ቆይተን ለምን እንደታሰርን ሳይነገረን ለምን እንደተፈታንም ሳይነገረን ወጣን። እኔ ከማስተማር ሥራዬ ተሰናበትኩ፤ ደመወዜን አጥቼ ለብዙ ዓመት የሹራብ ሥራ ሠርቼ ኖርኩ። ከሰባቱ ሦስቱ ከጊዜ በኋላ ተመለሱ፤ አንዱ የአናጢው ልጅ ነው። ስለ ሌሎቹ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ አንድ ምሽት ስማቸው ተጠርቶ ወጡ፣ ይኸው ነው። ኤልያስ ከወጡት ውስጥ ነበረ። ጓድ ታምሩስ? እኛ በተያዝን በሳምንቱ እሱም ተወሰደ አሉ፤ በዚያችው ዳኮታ፣ በጆንያዎቹ መሀል ተቀምጦ። አጥፊ ሰላምታ ማስፋፋት የሚል ክስ ቀርቦበታል ብለው የሚያወሩም ነበሩ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ያቺ ቃል ግን ከሰው አፍ አልጠፋችም። ድምፅዋን ቀነሰች እንጂ አልጠፋችም።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ የገበያ ቀን ሹራቤን ይዤ ስወጣ፣ ከጅማ አውቶቡስ የወረደች ጥቁር የለበሰች ሴት ከሰው ወደ ሰው ስትዞር አየሁ። እጇ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አለ። ለአረቡ አሳየችው፤ ራሱን ነቀነቀ። ለሻይ ቤቱ ባለቤት አሳየችው፤ አይቶ ፎቶውን መልሶ ሰጣት። ለእያንዳንዱ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ በመሀል አገር አማርኛ፣ እየለመነች፦ «ልጄ እዚህ ይሠራ ነበር። የት ነው?» ሰዎቹ ወደ ኋላ ይሉባታል። ሴትዮዋ ለምን እንደሚሸሿት አልገባትም።

እኔ ጋ ደረሰች። ፎቶግራፉ ላይ ጓድ ታምሩ የተተኮሰ ካኪውን ለብሶ ፈገግ ብሏል።

«ልጄ፣ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ፣ እናቴ» አልኳት። «የት እንዳለ ግን አላውቅም። ይምጡ፣ አንድ ሰው ላገናኝዎት።»

ለምን ወደዚያ እንደወሰድኳት ዛሬም በትክክል አላውቅም። የኤልያስ እናት በቦታዋ ነበረች፤ ከፊቷ ኮረሪማው በሰፌድ ተዘርግቷል። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው። ፎቶግራፉን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጄን የወሰደው ይህ ነው» አለች በቤንችኛ።

«ምን አሉ?» አለችኝ እንግዳዋ። «ያውቁታል? ምን አሉ?»

ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ቀን ተጉዛ የመጣች፣ እግሯ ያበጠ አሮጊት ናት። «‹ልጄን የወሰደው ይህ ነው› ነው ያለችው» አልኳት፤ ቃሉን አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም።

እንግዳዋ ወደ መንገዱ ዞር አለች፤ የምትሄድ መሰለኝ። አልሄደችም። የኤልያስ እናት ፎቶግራፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችላት። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ቦታ አበጀችና በአማርኛ «ተቀመጪ» አለቻት።

ሴትዮዋ ተቀመጠች። ገበያው እስኪበተን ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው ያዩ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ፤ የምተረጉመው ነገር ግን አልመጣም።